ሻማ የበራበት ሲዲ

ክረምቱ ወጣ ተባለና እህቴ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ፀሐይ ላይ አወጣችው። መቱ ላይ ክረምት ወጣ ማለት ዝናቡ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሰማዩን በጎሪጥ እያየ ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሰርግ ኮቱን አጥር ላይ ያሰጣል። ከእኔ አልጋ ሥር አንድ ካርቶን ወጣ። ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው ሻጋታና የጋለ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ሽታ ፊቴን መታኝ። የቪዲዮ ካሴቶች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብል በልቶታል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ጋሼ፣ እነዚህን እኮ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። በየትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ይላሉ? ድሮ የእርስዎ ሥራ አልነበረም?" አለችኝ። ጥያቄው የዋህ ነው። እኔ ግን ካርቶኑን ይዤ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። "የትኛው ይሻላል?" የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት በሙሉ ልቤ መልሼዋለሁ። መልሱ ትክክል ነበር። ያመጣው ጣጣ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የድሮ ካሴት ናፍቆት አሁን ፋሽን ሆኗል። ከተሜው የተቧጨረ ምስልና የሚንሻፈፍ ድምፅ ባየ ቁጥር እንባ ይተናነቀዋል። እኔን አይተናነቀኝም። ያ ዘመን የጭቃ፣ የመብራት መጥፋትና የሹክሹክታ ዘመን ነበር፤ የናፈቀው ካለ ጭቃው አሁንም አለለት። ሻጋታን ሁሉም ይረግመዋል፤ እኔ እንጃ፣ አንዳንዴ ፈጣሪ ለሰው ልጅ ካሰማራቸው ደጋግ ሠራተኞች አንዱ ይመስለኛል። ያየነውና የሰማነው ሁሉ ሳይበላሽ ቢቀመጥ ኖሮ ማን እንቅልፍ ይወስደው ነበር? ግን ይህን ፍልስፍና የተማርኩት ኋላ ነው። ያኔ ሻጋታ ጠላቴ ነበር፤ ደመወዜን የምደጉመውም እሱን በመዋጋት ነበር።

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዋዜማ አካባቢ ነው፤ ትንሽ ቀደም ሊል ይችላል። ሻይ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ዳቦ ገና እጅ ላይ ይከብድ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ መስጊዱ በሚወስደው ቁልቁለት፣ የጨርቅ ሱቆቹ የሚያልቁበት ጥግ ላይ የነስሩ ቪዲዮ ቤት ነበረች። ነስሩ ከስልጤ አገር የመጣ፣ መጀመሪያ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ሲሸጥ የነበረ፣ ኋላ ካሴት ማከራየት የጀመረ፣ ከዚያም ካሜራ ገዝቶ ሰርግ ወደ መቅረጽ የገባ ሰው ነው። ሳሙናውን ግን አልተወም። ሱቁ በግራ በኩል ሳሙና፣ በቀኝ በኩል ሰርግ ነበር፤ ደንበኛ ሲበዛ ሙሽሮች ኦሞ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሰርጋቸውን ያዩ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እሱ ጋ እገባለሁ። እሱ ለአዲሱ ኮምፒውተር መመሪያ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሐሜት የምሸሽበት ጣሪያ እፈልጋለሁ። "አንተ ፈላስፋ፣ ና ይህን ቁልፍ ተርጉምልኝ" ይለኛል። እንዲህ ተስማማን።

ሰርጎቹን ሳስባቸው አሁንም ፈገግ እላለሁ። ሙሽራው ጎሬ ወጥቶ ሱፍ ይከራያል፤ እጅጌው ጣቱ ድረስ ይወርድበታል፤ ክራቫቱ እንደ ዓሣ ሆድ ያበራል። ሚዜዎቹ ሰማዩ ደመና ቢሆንም ጥቁር መነጽር አያወልቁም። ጥጋብ ያለው ሙሽሮቹን ሶር ፏፏቴ ድረስ ይወስዳቸዋል፤ ሙሽሪት ቬሎዋን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ፣ ነጭ ጫማዋን አንዷ ሚዜ በእጇ ይዛላት፣ በዚያ አዳላጭ ዳገት ትወርዳለች። ከታች ሲደርሱ የውኃው ጩኸት የሰውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል፤ ነስሩ ኋላ ሱቁ ተቀምጦ በላዩ ላይ የካሴት ዘፈን ይጭንበታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጋባ የመቱ ሰው ሁሉ ሶር ፏፏቴ ሥር ቆሞ ሚስቱ ምን እንዳለችው አያውቅም። ምናልባት ለትዳሩ ጠቅሞት ይሆናል።

ከዚያ ሻጋታ ገባ። በኢሉባቦር ዝናብ ውስጥ የተቀመጠ ካሴት ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈበት ጥቅልሉ ላይ ነጭ ፀጉር ያበቅላል። ሰው ሰርጉን አይቶ ለመሳቅ ማጫወቻው ውስጥ ሲከተው ማሽኑ ያቃስታል፣ ያንቃል፣ ያኝከዋል። ወሬው ተዳረሰና ሰው ሁሉ ካሴቱን በፌስታል ይዞ ወደ እኛ መጣ፤ "ወደ ሲዲ ቀይሩልን" እያለ። ሲዲ፣ ቪሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ሁሉንም ሲዲ ነበር የምንለው። የሚመጣው ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ሐኪም ቤት ደጅ የሚታየው ዓይነት ፍርሃት ነበረበት።

አዴ ወርቂቱ የመጡት እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ ዳሪሙ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ እንደ እንቁላል አስቀመጡት። ነስሩ ፈታው። ካሴቱ እንደ ጀበና ጠቁሯል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል።

"ምን ሆኖ ነው እናቴ? ቤት ተቃጥሎብዎት ነው?"

"ምን በወጣኝ! ለዘር የማስቀረውን በቆሎ ከምሰቅልበት፣ ከምድጃው በላይ ሰቅዬው ነው። እዚያ የሰቀልኩት ነቅዞብኝ፣ ሻግቶብኝ አያውቅም።"

ነስሩ ራሱን ያዘ። "እናቴ፣ ይሄ እኮ ዘር አይደለም!"

"አይደለም ያለህ ማነው?" አሉት።

ካሴቱ የልጃቸው የገመቹ ሰርግ ነበር። ገመቹን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቡና መኪና ረዳት ነበር፣ ሳቁ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ። ካገባ ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ወጥቶ ቀረ። አንዱ ጠረፍ ተሻግሯል ይላል። ሌላው ወባ በረሃ አስቀርቶታል ይላል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ግራ ቀኙን ያይና ሻዩን ያማስላል። በዚያ ዘመን ከባድ ከባዱ ወሬ የሚነገረው እንደዚያ ነበር። አስከሬን የለም፣ መርዶ የለም፤ ስለዚህ ለቅሶ የለም። ሚስቱ ጫልቱ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ሆና ከአማቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትጠብቃለች። ባለ ባል እንዳትባል ባሏ የለም፤ መበለት እንዳትባል ማንም አልነገራትም። ገበያ ስትወጣ ሰው እንደ ታማሚ መንገድ ይለቅላት ነበር።

"ፊቱ ፎቶ ላይ አለኝ" አሉ አዴ ወርቂቱ። "ድምፁ ነው እየጠፋብኝ ያለው። አሁን አሁን በልቤ ስጠራው የወንድሜ ድምፅ ይመጣብኛል። እዚህ ውስጥ ለእኔ የዘፈነው አለ። ጎረቤት ቤት ልናየው ብንከተው ማሽኑ ጮኸ፤ ፈርቼ አስወጣሁት። እናንተ ታውቃላችሁ አሉኝ።"

ከሄዱ በኋላ ነስሩ ካሴቱን አገላብጦ አየና እንዲህ አለኝ፦ "ሻጋታ አልነካውም። አዛውንቷ እውነታቸውን ነው። ግን ሙቀቱ አጎብጦታል። አንድ ጊዜ ይዞር ይሆናል፤ ሁለተኛ አይዞርም።"

ፍርሃቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ከሆነ በምን ፕሮግራም እንቀዳዋለን፣ በምን እንለውጠዋለን የሚለው ጉዳይ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ነስሩ ከመርካቶ በአንድ ሲዲ ታጭቀው የመጡ ሦስት ፕሮግራሞች ነበሩት፤ የፈረንጅ ስማቸውን መጥራት ስላስቸገረው ለሦስቱም ስም አውጥቶላቸዋል፦ ሚኒባስ፣ በቅሎና ሙሽሪት። መጀመሪያ በሌላ ካሴት እንሞክራቸው ተባባልን።

"የእኔን ሰርግ አምጣው" አለ ነስሩ።

"ማሽኑ ቢበላውስ? ሚስትህ ትገድልሃለች።"

"ቢበላው ሚስቴን እንደገና አገባታለሁ። የአዴ ወርቂቱን ልጅ ማን እንደገና ይወልደዋል?"

ሚኒባስ ስሙ እንደሚለው ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ተሳፋሪው ግን ተቀጥቅጦ ይወርዳል። ሰው ቆሞ ሲያወራ ደህና ነው፤ ጭፈራ ሲጀመር ፊቱ ሁሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል። የነስሩ አማት እጃቸውን ዘርግተው ሲጨፍሩ የተሰበረ ሸክላ መሰሉ። "በሕይወቴ እንዲህ አምረውብኝ አያውቁም" አለ ነስሩ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። የገመቹ ፊት እንደዚያ ሲበታተን ታየኝ። በቅሎ ደግሞ የምታመጣው ምስል የሰውን ላብ ሳይቀር ያሳያል፤ ድምፁም ከከንፈር ጋር አይላቀቅም። ግን የአንድ ሰዓት ሰርግ ለመለወጥ ከጠዋት እስከ ማታ ትፈጃለች፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ያንን ሁሉ መንገድ ረስታ ከመነሻው ትጀምራለች። በመቱ ክረምት ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። ሙሽሪት መካከለኛ ናት፤ ምስሏ አይከፋም፣ ፍጥነቷም አይከፋም። ውበቷ ሌላ ነው። ሲዲው ሲከፈት ከምስሉ በፊት የሚታይ መግቢያ ትሠራለች፤ በአበባ የተከበበ ፎቶ፣ የሚንሳፈፉ ልቦች፣ ዳክዬ መሳይ ወፎች፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ።

ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። እኔ በቅሎ አልኩ፤ "ሰውዬው ይታይ፣ ይሰማ፤ ሌላው ምን ያደርጋል?" አልኩ። ነስሩ ሙሽሪት አለ። "መግቢያ የሌለው ሲዲ ሰላም ሳይል ቤት ዘልቆ የሚገባ እንግዳ ነው። እኚህ እናት ስንት ዘመን ጠብቀው? ልጃቸው ዘው ብሎ ይግባባቸው?" በመጨረሻ ሁለታችንም ያልተሸነፍንበት መንገድ አገኘን። ካሴቱን በአጭር በአጭሩ፣ በየቁራጩ ወደ ኮምፒውተሩ እንቀዳለን፤ መብራት ቢጠፋ የምናጣው አንድ ቁራጭ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱን ቁራጭ በቅሎ ትለውጠዋለች፤ ቁራጭ አጭር ስለሆነ መብራቱ ሳይሄድ ትደርሳለች። መጨረሻ ላይ ሙሽሪት ቁራጮቹን ሰፍታ፣ መግቢያ አድርጋ ሲዲው ላይ ታትማቸዋለች። ዛሬም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አሠራር ለዚያ ከተማ፣ ለዚያ መብራት፣ ለዚያ ካሴት ማንም አያመጣም። አስተዋይ ሰዎች ነበርን። ከአስተዋይ ሰዎች ይሰውራችሁ።

የቀዳን ዕለት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይደበድብ ነበር። ነስሩ ካሴቱን በትንሽ ብሎን መፍቻ ከፍቶ ጥቁሩን ጥላሸት በአልኮልና በጥጥ እየጠረገ፣ ከንፈሩ "ቢስሚላሂ" ይላል። ማሽኑ ውስጥ ሲከተው እኔ ፊቴን አዞርኩ። አቃሰተ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ተንጋደደ፣ ከዚያ ዳሪሙ መንገድ ዳር የተተከለ ዳስ፣ ጭቃ፣ የተከራየ ሱፍ፣ እጅጌው ጣቱ ላይ የደረሰበት ገመቹ። ወደ ካሜራው ጠጋ ብሎ "እየቀረፀ ነው?" ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀ፤ ሳቀ፤ እናቱን በዓይኑ ፈልጎ አገኛቸውና መዝፈን ጀመረ። ጥሩ ዘፋኝ አልነበረም። ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀ ቁጥር እናቲቱ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። በየቁራጩ መሐል ካሴቱን ስናቆመው የእኔም ልብ አብሮ ይቆማል፤ ስናስነሳው ላይነሳ ይችላላ። ዘፈኑ አለቀ፤ የእራት ምስል መጣ፤ ሰዎች ሥጋ እየጎረሱ ሳለ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ተበጥሷል።

"ዘፈኑ ገብቷል?" አለኝ ነስሩ፣ ዞር ሳይል።

"ገብቷል።"

"በል እንግዲህ ተንፍስ።"

ተነፈስኩ። የፈራነው ሁሉ ያለፈ መሰለን። በቅሎ የድርሻዋን ሠራች፤ እኔ ፈተና ማረም ስለነበረብኝ የሙሽሪትን ነገር ለነስሩ ትቼለት ሄድኩ።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ቆሜ ጎመን ስመርጥ ከከተማው ዳር በኩል ጩኸት ሰማሁ። የሴቶች ዋይታ ነው። ገበያው እንደ ንብ ተነሣ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ቅቤያቸውን በቅጠል እየሸፈኑ ወደሚሮጠው ሰው "ማል ተኤ? ምን ተፈጠረ?" ብለው ጮኹ።

"የገመቹ መርዶ መጣ!"

"ማን አመጣው?" አልኩ እኔ።

ሰውዬው እየሮጠ መለሰልኝ፤ አላወቀኝም። "መምህሩና ነስሩ ናቸው አሉ። በሲዲ!"

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ በማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደጁን ያንኳኳሉ። ማንም ምንም ሳይናገር፣ በዚያ ሰዓት እነሱን ደጃፍ ላይ ማየት ብቻ ይበቃል። አዴ ወርቂቱና ጫልቱ በዚያ ሰፈር ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤት ኦቦ ተሲሳ ቤት ሲዲውን ይዘው ገብተዋል፤ ጎረቤትም ተሰብስቧል። ሲዲው ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የታየው የገመቹ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ ቀስ እያለ የሚነድ ሻማ፤ ከኋላው የዋሽንት ሙዚቃ። በቴሌቪዥን የሙታን መታሰቢያ ሲነገር የሚታየው ቁርጥ እሱ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ነገር አሰበ፦ እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ፤ በአፋቸው ለመናገር ከብዷቸው በዚህ ነገሩን። ጫልቱ ጮኸች። የእድሩ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ዘፈኑን የሰማው ሰው አልነበረም።

ሱቁ ስደርስ ነስሩ ሳሙናዎቹ መሐል ቆሟል፤ ፊቱ ከሳሙናው ነጥቷል።

"ሻማውን ምን አስመረጠህ?"

"ምን ልምረጥ ታዲያ? ከሻማው ሌላ ያሉት ልብና ወፍ ናቸው! ባሏ ለጠፋ ሴት ቀይ ልብ ላድርግባት? የሚሳሳሙ ወፎች ላድርግባት? ሻማ ብርሃን ነው ብዬ፤ መብራት ሲሄድ ምንድን ነው የምናበራው? ተስፋ ነው ብዬ፣ ወላሂ ተስፋ ነው ብዬ!"

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ፍርሃት ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሄደን ስህተት ነው እንበል ተባባልን፤ እግራችን ግን አልነሣ አለ። እንዲህ እያልን ኦቦ ተሲሳ በሩ ላይ ቆሙ፤ ከኋላቸው ከቀበሌ የመጣ፣ ስሙን የማልጽፈው አንድ ሰው።

"መምህር፣ ነስሩ፣ የት ነው የወደቀው? ቢያንስ አፈሩን እንወቅ" አሉ ኦቦ ተሲሳ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ።

የቀበሌው ሰው አላለቀሰም። "እኔ የምፈልገው ሌላ ነው" አለ። "ማን ነገራችሁ?"

ነስሩ እኔን አየ። እኔ ሳሙናውን አየሁ። "አንድ መንገደኛ ሾፌር" አለ ነስሩ በመጨረሻ፤ ማንም አልነገረንም ቢል እንደማይታመን ገብቶታል።

"ስሙ?"

"አልነገረንም። ሳሙና ገዝቶ ሄደ።"

ሰውዬው ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ ለብዙ ሳምንት ምግብ ከለከለኝ። "ሾፌሩ ከተመለሰ ትጠሩኛላችሁ" ብሎ ወጣ። የሌለ ሾፌር እንዳይመለስ መፍራት ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድንኳኑ የሄድነው። ውሸቱን ለሁሉም ሰው ማፍረስ ካልቻልን ለእናቲቱ እንናገር ብለን ነው። ነስሩ በወንዶቹ በኩል ተቀመጠ። እኔ ጫማዬን ጭቃ ውስጥ እየጎተትኩ አዴ ወርቂቱ አጠገብ ተንበረከክኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ነበር። ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ "እናቴ፣ ስህተት ነው። ነስሩ ሻማውን ለውበት ብሎ ነው ያስገባው። ስለ ገመቹ የሰማነው ምንም ነገር የለም" አልኳቸው።

መወዛወዛቸውን አላቆሙም። "ድምፅህን ዝቅ አድርግ" አሉኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"መርዶ በሳጥን ውስጥ አይመጣም። እናንተም ብታውቁ ኖሮ ሽማግሌ ትልኩ ነበር፤ ባለጌዎች አይደላችሁም። ሻማው ሲበራ እኔ ጫልቱን ነበር የማያት። ስትጮህ ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ አየሁ፤ ከጫካ የተሸከመችውን እንጨት እንዳወረደች። ቤቴ ከገባች እንዲህ ሆና አላየኋትም።"

"ታዲያ ለሰው እንንገር እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ..."

"ብትናገሩ መልሳችሁ ልታሸክሟት ነው። ልጅ ናት። ታልቅስ፣ ማቋን ትልበስ፣ ታውልቀው፣ ሰው ታግባ። ኢልመ ኮ፣ አንተ ልጄ፣ የእኔን ልጅ እኔ ለሁለታችንም እጠብቀዋለሁ።"

"ቢመጣስ?" አልኩ።

"ቢመጣ እኔ አለሁ። የምመልስለት እኔ ነኝ።" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ ድንኳኑ ሁሉ አብሯቸው ጮኸ።

ስለዚህ ዝም አልን። እኛ የፈጠርነው አንድ ሾፌር ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ከተማው ጨረሰው። በወሩ ሾፌሩ የጎሬ ሰው ሆነ፤ ቀይ፣ ቁመተ ረዥም። በዓመቱ ገመቹ የታመመበት መንደርና የተቀበረበት ዛፍ ታወቀ። ዛፉን አይቻለሁ የሚል ሰው ሻይ ቤት ገጥሞኛል፤ በአክብሮት አዳመጥኩት። ጫልቱ ማቋን አውልቃ ጎሬ ላይ ደግ ሰው አገባች፤ ልጆቿ ዛሬ ከእሷ ይረዝማሉ። ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ "የገመቹን መርዶ የነገሩኝ ሰው" ብላ ከባሏ ጋር ያስተዋወቀችኝ ቀን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ስሞቹን ሁሉ፣ ሰፈሩንም ጭምር ለውጫለሁ። ደግሞም በዚህ አገር ምስጢር ለመሸሸግ ከመጽሐፍ የተሻለ ቦታ የለም፤ ማን ያነባል?

አዴ ወርቂቱ ሲዲውን እየተመላለሱ ኦቦ ተሲሳ ቤት ያዩት ነበር ይባላል፤ ሻማው ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ዘፈኑ ሲጀምር ይገልጣሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት አረፉ፤ ቤታቸውም ተሸጠ። ነስሩ ሱቁን ሸጦ አገሩ ገብቷል፤ በበዓል በበዓል ይደውልና ከሰላምታው በፊት፣ "ፈላስፋው፣ የመጣ ሰው አለ?" ይለኛል። "የለም" እለዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ይላል፤ ከዚያ በመናገሩ አፍሮ ወሬ ይቀይራል።

ለእህቴ ልጅ ምን ልመልስላት? ዛሬ ሁሉም ፕሮግራም ጎበዝ ነው፤ ሚኒባሱም በቅሎውም ሙሽሪቷም ስልኳ ውስጥ ተጋብተው ይኖራሉ። ባለፈው ስልኬ ሳልጠይቀው ከፎቶዎቼ መርጦ፣ ሙዚቃ ጭኖ፣ የአንድ በሕይወት ያለ ወዳጄን ፊት ቀስ እያለ እያደበዘዘ አሳየኝ። ደነገጥኩና ወዳጄ ጋ ደወልኩ። "ምን ሆነሃል?" አለኝ። የነስሩን ሥራ አሁን ማሽኑ ብቻውን ይሠራል፤ ማንን እንደገደለ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም። "በፈለግሽው ገልብጪው" አልኳት። "መግቢያ ግን አታድርጊበት።"

ባለፈው ወር መናኸሪያው ጥግ ቆሜ ሳለ በጋምቤላ መንገድ ከመጣው አውቶቡስ አንድ ሽበት የጣለበት ሰው ወረደ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ የያዘው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ። ቆሞ አስፋልቱን፣ ፎቆቹን፣ ባጃጆቹን ድሮ የሚያውቀውን ከተማ እንደሚፈልግ ሰው አየ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና በኦሮምኛ ወደ ዳሪሙ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ዕድሜው የገመቹ ልክ ነው። የቤቱን መሸጥ፣ የእናቱን መቃብር፣ ጎሬ ያሉትን ረዣዥም ልጆች በየት ጀምሬ እንደምነግረው ሳስብ ድምፄ ከሩቅ መጣልኝ። "ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?"

"ቡና ለመግዛት ነው ጋሼ። የደምቢዶሎ ሰው ነኝ፤ አገሩን አላውቀውም።"

መንገዱን አሳየሁት፤ የሚወስደውን ባጃጅም ጠራሁለት። ሲሄድ ደስ አለኝ፤ ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን በሁለት እጄ እስክይዘው ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ በምን ደስ እንዳለኝ ገባኝና ሻዩን መጠጣት አቃተኝ። አዴ ወርቂቱ ልጃቸው እንዲመጣ ይጠብቁ ነበር። የሚመልስለት ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እኔ የምጠብቀው እንዳይመጣ ነው።